ሕፃናት የሰውን ቤት እንዲያከብሩ ስለ ማስተማር

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ቤተሰብ ሲማሩ ሕፃናት ብዙ ጊዜ የሚያዩት ሥዕል አንድ ዓይነት ነው፤ አባት፥ እናት፥ ወንድ ልጅና ሴት ልጅ። ሥዕሉ መልካም ነው። ዳሩ ግን በክፍሉ ከተቀመጡት ሕፃናት መካከል የራሱን ቤት በዚያ ሥዕል ውስጥ ፈልጎ የሚያጣ አለ።

ደጀንን እንመልከት። ከተማችን በዓባይ በረሃ አፋፍ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው መንገድ ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ አባት ሾፌር ሆኖ ሰነባብቶ የሚመለስበት ቤት አለ። እናቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ አያቱ የምታሳድገው ሕፃን አለ። ከገጠር ለትምህርት መጥተው፥ ስንቃቸውን ከቤት እያመጡ፥ በኪራይ ክፍል ታላቅ እኅት ታናናሾቿን የምታስተዳድርበት ቤት አለ። እንጀራ አባት ወይም እንጀራ እናት ያለበት፥ እናት ብቻዋን የምታሳድግበት ቤትም አለ። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የሰውን ልጅ «የጡት ልጅ» ብለው እንደ አብራካቸው ክፋይ ሲያሳድጉ ኖረዋል።

እንግዲህ ችግሩ ከቤቱ ሳይሆን ከአፋችን ነው። ሁለት ሕፃናት በኳስ ሲጣሉ «ሴት ያሳደገው»፥ «አሳዳጊ የበደለው»፥ «ዲቃላ» ይባባላሉ። ይህን ቃል የሰሙት ከእኛ ከታላላቆቻቸው ነው። ምላስ አጥንት የላትም፥ አጥንት ግን ትሰብራለች እንደሚባለው፥ የተሰደበው ሕፃን ልቡ ይሰበራል፤ ትምህርት ቤቱንም ይጠላል።

ስድቡ ሐሰት መሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባታቸውን በልጅነታቸው አጥተው ከእናታቸው ከወይዘሮ አትጠገብ ጋር በችግር አደጉ። ጠላቶቻቸውም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር ይነገራል። ሆኖም በ1847 ዓ.ም. የነገሡት እኒያው «ሴት ያሳደገቻቸው» ካሣ ናቸው። በእኛም ዘመን ወይዘሮ አበበች ጎበና ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በረኃብ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናትን አግኝተው ወደ ቤታቸው ወሰዱ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም ሳይወልዷቸው ለብዙ ሕፃናት እናት ሆኑ። ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ታዲያ ለሕፃናት ይህን እንዴት እናስተምር? ሕፃን ከምክር ይልቅ የሚያየውንና የሚሰማውን ይከተላልና በትንሹ መጀመር ይሻላል።

አንደኛ፤ መምህሩ «አባትህ ምን ይሠራል?» ከማለት «ቤታችሁ ውስጥ ማን ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የሚያፍር ልጅ አይኖርም። «ወላጅ ይዘህ ና» በማለት ፈንታም «አሳዳጊህን ይዘህ ና» ቢባል፥ አያትም ታላቅ እኅትም ያለ ኀፍረት ይመጣሉ።

ሁለተኛ፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቤት ሰዎች ይሣል። ሥዕሎቹ ሁሉ ሳይመረጡ በግድግዳ ላይ ይለጠፉ። መምህሩም «ማታ እራት የሚያቀርብላችሁ ማን ነው? ስትታመሙ የሚያስታምማችሁስ?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ልዩ ልዩ ቢሆንም ፍቅሩ አንድ መሆኑን ልጆቹ ራሳቸው ያስተውላሉ።

ሦስተኛ፤ ደብተርና ልብስ ሲታደል «ወላጅ የሌላችሁ ተነሡ» አይባል። ርዳታው በጎ ነው፤ ነገር ግን በጓደኞቹ ፊት የቆመ ሕፃን ከደብተሩ ይልቅ ያን ቀን ያስታውሳል። ማዘን ሌላ ነው፥ ማክበርም ሌላ ነው። ስሙን ለብቻ ጠርቶ በቢሮ መስጠት ምንም ወጪ የለውም።

አራተኛ፤ ስድቡ በተሰማ ጊዜ በዝምታ አይታለፍ። ሆኖም ተሳዳቢውን በአርጩሜ ከመምታት ይልቅ «ይህን ቃል ከማን ሰማኸው? አንተን ቢሉህስ?» ብሎ ማስረዳት ይጠቅማል።

አንዳንድ ወላጆች «እንዲህ ማስተማር ጋብቻን ማቃለል አይሆንምን?» ይሉ ይሆናል። አይሆንም። አባትና እናት አብረው ማሳደጋቸው መልካም መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ሕፃኑ የሚወለድበትን ቤት አልመረጠም፤ ባልመረጠውም ሊነቀፍ አይገባም። የሙት ልጅን መጠበቅ በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የታዘዘ ነው።

እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግማሾቻችን ነገ መምህራን፥ ሁላችንም ዛሬ ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት ነን። ታናናሾቻችን የሚናገሩት ከእኛ የሰሙትን ነውና፥ «ሴት ያሳደገው» የሚለውን ስድብ አስቀድመን ከራሳችን አፍ እናውጣው።