አንድን ቃል በሠንጠረዥ ዓምዶች ሁሉ መፈለግ፦ የስምጥ ሸለቆ የውኃ ጉድጓዶች ምሳሌ

እንደሚታወቀው በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ከእሳተ ገሞራ ዐለቶች የሚሟሟ ፍሎራይድ በብዛት ይዘዋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ የበለጠ ፍሎራይድ ያለበት ውኃ ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስን ያበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛ አጥንትንም ይጎዳል። በአዳማ አቅራቢያ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሠፈሮች ይህ ጉዳት ከታወቀ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። እንግዲህ የጉድጓዶችን መረጃ በኤክሴል የሚያጠናቅር ተማሪ አንድ ረድፍ ቢያመልጠው፣ ሰዎች የሚጠጡበት አንድ ጉድጓድ ከጥናቱ ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ለማስረዳት ያህል አራት ረድፎች ያሉት ሠንጠረዥ እናስብ። የመጀመሪያው ዓምድ ከተማ፣ ሁለተኛው አስተያየት ይሁን።

1. ባቱ — (ባዶ)
2. ዝዋይ — ጥርስ ያበልዛል ተብሏል
3. መቂ — ናሙናው ከባቱ የመጣ ነው
4. ሞጆ — ንባቱ ይደገም

ባቱን የሚመለከቱትን ረድፎች ሁሉ እንፈልጋለን።

የተለመደው ማጣሪያ ለምን አይበቃም?

በከተማ ዓምድ ብቻ «ባቱ» ብለን ብናጣራ 1ኛው ረድፍ ብቻ ይወጣል። በሁለቱም ዓምዶች ላይ ብናጣራ ደግሞ አንድም አይቀርም፤ ማጣሪያው የዓምዶቹን ሁኔታዎች የሚያያይዘው በ«እና» ነውና። እኛ የምንሻው ግን «ወይም» ነው።

መፍትሔው

በሠንጠረዡ ጫፍ አንድ ረዳት ዓምድ እንጨምር። በዚህ ዓምድ ካውንትኢፍ የተባለውን ፈንክሽን በመጠቀም፣ ከረድፉ የመጀመሪያ ሳጥን እስከ መጨረሻው ድረስ ቃሉን የያዙትን ሳጥኖች እናስቆጥር። ቃሉ በሳጥኑ ውስጥ የትም ቢገኝ እንዲቆጠር ከፊቱና ከኋላው የኮከብ ምልክት (*) እናድርግለት። ውጤቱ ከ0 የሚበልጥባቸውን ረድፎች ብቻ እናስቀር። ልብ እንበል፦ ኮከቡ የሚሠራው በጽሑፍ ላይ ነው፤ በቁጥርነት የተመዘገበን ዓመት ወይም መጠን አያገኝም።

አሁን 1ኛው፣ 3ኛውና 4ኛው ረድፎች ይወጣሉ። 4ኛው የወጣው «ንባቱ» የሚለው ቃል በውስጡ «ባቱ»ን ስለያዘ ነው። 2ኛው ግን ቀርቷል፤ ዝዋይና ባቱ የአንዲት ከተማ ሁለት ስሞች መሆናቸውን ኮምፒውተሩ አያውቅምና። ናዝሬትና አዳማ፣ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ለሁለተኛው ስም ሌላ ቆጠራ አድርገን ሁለቱን ውጤቶች እንደምር።

የፊደላችን ጉዳይ

ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ቢሆኑም በዩኒኮድ ቁጥራቸው 4608፣ 4624 እና 4736 ነው። ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ውኃ»ን ብንወስድ የመጨረሻው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ስለሚችል ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። የሚሻለው በሠንጠረዡ ቅጂ ላይ ሞክሼ ፊደላትን በአንድ ተክቶ ከዚያ መፈለግ ነው፤ ዋናው መዝገብ ግን እንዳለ ይቀመጥ።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

በፊዚክስ መለኪያዎች የሌለውን «አለ» ማለትና ያለውን «የለም» ማለት ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች ናቸው። 4ኛው ረድፍ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ዓይን አይቶ ያስወግደዋል። 2ኛው የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ከፊታችን ስለተሰወረ ማንም አይጠይቅበትም። ስለሆነም መረቡን አስፍተን እንጣል፤ የተረፈውን በእጅ እንልቀም። ከመጨረሳችን በፊትም ያልወጡትን ረድፎች ገልጠን ጥቂቶቹን እናንብብ።

መልመጃ፦ «ፀሐይ» የሚለው ቃል ድምፁ ሳይለወጥ በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? ጸ እና ፀ ሁለት አማራጭ ስለሚሰጡ መልሱ 2 × 6 = 12 መሆኑን አንባቢው ጽፎ ያረጋግጥ።