ነዳጅ ሲለቀቅ አየሩ የት ይሄዳል?

የቱርቦ ትምህርት ከአየር ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰንዳፋና ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ለገዳዲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳሩ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ የሚደክመው ለዚህ ነው፤ የሚስበው አየር ስስ ነው።

ቱርቦ ይህን ጉድለት ይሞላል። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ተርባይኑን ያሽከረክራል፤ በዘንጉ ሌላ ጫፍ ያለው ኮምፕረሰር ደግሞ ንጹሕ አየር እያመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። ሞተሩ በባሕር ጠለል ካለው አየር አንድ ተኩል እጥፍ ግፊት ይፈልጋል እንበል። ይኸው መንገድ በኮምቦልቻ አልፎ በሚወርድበት አሰብ፣ ኮምፕረሰሩ አየሩን አንድ ተኩል እጥፍ ቢያምቅ ይበቃል። ለገዳዲ ላይ ግን ሁለት እጥፍ ማመቅ አለበት። የደጋ ቱርቦ የሚበረታበትን ሥራ ከዚህ ተረዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በቤንዚን ሞተር የአየሩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ ስሮትል የሚባል ክዳን አለ። ሹፌሩ ማርሽ ሊቀይር ፍሪሲዮን ረግጦ ነዳጅ ሲለቅ ክዳኑ ይዘጋል። ቱርቦው ግን ወዲያው አይቆምም፤ አየር መግፋቱን ይቀጥላል። መሄጃ ያጣው አየር ተመልሶ ኮምፕረሰሩን ይመታል፤ ከለገዳዲ ግድብ ወደ አዲስ አበባ ውሃ የሚወስድ ረጅም ቧንቧ በድንገት ቢዘጋ ግፊቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ቧንቧውን እንደሚመታው ማለት ነው። ምቱ ሲደጋገም የዘንጉ መያዣ ይጎዳል፤ የዘንጉ ፍጥነትም ስለሚወድቅ ቀጣዩ ማርሽ ላይ ጉልበት ይዘገያል።

ብሎው ኦፍ ቫልቭ የተሠራው ለዚህች ቅጽበት ነው። ውስጡ ሞላና ዲያፍራም ወይም ፒስተን አለው፤ ራሱ ላይ ከስሮትሉ ወዲያ ካለው ማኒፎልድ የምትመጣ ቀጭን ቱቦ ትገባለች። ስሮትሉ ክፍት ሳለ ግፊቱ ከላይም ከታችም እኩል ስለሆነ ሞላው ቫልቩን ይዘጋዋል። ስሮትሉ ሲዘጋ ማኒፎልዱ አየር ያጣና በቱቦዋ ዲያፍራሙን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ከታች የታመቀው አየርም ይገፋዋል። ቫልቩ ይከፈታል፣ አየሩ ይወጣል። ወጣቶች የሚወዱት ድምፅ የዚህ ትንፋሽ ነው፤ ጉልበት ግን አይጨምርም።

የሚወጣው አየር ወዴት እንደሚሄድ አስተውሉ። ብዙ መኪኖች ወደ ኮምፕረሰሩ መግቢያ ይመልሱታል። ምክንያት አላቸው፦ የሚገባውን አየር በሴንሰር በሚለካ ሞተር ላይ የተለካው አየር ሜዳ ላይ ከተለቀቀ ኮምፒውተሩ ለሌለ አየር ነዳጅ ይረጫል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚጠፋ ሞተር የሚመጣው ከዚህ ነው። ዌስትጌት ከሚባለውም አታምታቱት፤ እሱ በጭሱ በኩል ሆኖ የተርባይኑን ፍጥነት የሚገድብ ሌላ ዕቃ ነው።

በለገዳዲ የሚያልፉት አይሱዙና ሲኖትራክ ናፍጣ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚቆጣጠረው በሚረጨው ነዳጅ መጠን እንጂ አየር በመዝጋት አይደለም፤ ሹፌሩ ነዳጅ ሲለቅ አየሩ መንገድ አያጣም። ስለዚህ የናፍጣ መኪና ያላችሁ ብሎው ኦፍ ቫልቭ ግዙ ብትባሉ እንቢ በሉ፤ ገንዘቡን ለንጹሕ ዘይትና ለአየር ፊልትሮ አውሉት።