ምዕራፍ 9፦ ጆሮ ላይ ኤሌክትሪክ ከመሰካትዎ በፊት

እናትዎ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁዎት ሆድዎ እንዴት እንደሚባባ እዚህ አልተርክም። ይህን ምዕራፍ የገለጠ ሰው ያውቀዋል። የምንነጋገረው ስልክዎ ላይ ስላዩት ወይም ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ልላክልህ ወይ?» ስላለዎት መሣሪያ ነው፤ ጆሮን ቆንጥጦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚልከው። «ያለ ኪኒን፣ ያለ ቀዶ ጥገና የመርሳት በሽታን ይፈውሳል» ይሉለታል። ግማሹ እውነት ነው፤ ኪኒንም ቀዶ ጥገናም የለውም።

ነገሩ ከባዶ የተነሣ ግን አይደለም። በቀጥታ ከአንጎል ከሚወጡት 12 ጥንድ ነርቮች አሥረኛው ቫገስ ይባላል። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወርዶ ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራንና አንጀትን ያዳርሳል። አንዲት ቀጭን ቅርንጫፉ ደግሞ ወደ ጆሮ ታመራለች፤ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ጉብ ያለችው ለስላሳ አጥንትና ከቀዳዳው በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ የእርሷ ድርሻ አለባቸው። አንዳንድ ሰው ጆሮውን ሲጠርግ ድንገት የሚያስለው በእርሷ ምክንያት ነው። ተመራማሪዎች ያሰቡት በዚህች በር መግባትን ነው። ጆሮ ላይ የተሰጠው ደካማ ንዝረት በቫገስ በኩል ወደ አንጎል ግንድ ይደርሳል፤ ከዚያም ሎከስ ሴሩሊየስ የምትባለውን ትንሽ ቦታ ይቀሰቅሳል። ለአንጎል ኖርአድሬናሊን የምታከፋፍለው እርሷ ናት፤ በንቃትና በትኩረት ላይ ትልቅ ድርሻ አላት። በአልዛይመር ቀድመው ከሚጎዱት ቦታዎችም አንዷ ይህችው ናት። ስለዚህ ሐሳቡ ሞኝነት የለበትም።

ማስረጃው ጋ ስንደርስ ነው መንገዱ የሚጠበው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በደረት ቆዳ ሥር ተቀብሮ አንገት ላይ ቫገስን የሚያነቃቃውን መሣሪያ በ1997 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለሚጥል በሽታ፣ በ2005 ደግሞ በመድኃኒት ላልተሻለው ድባቴ ፈቀደ። ለመርሳት በሽታ ግን አልፈቀደም። ስዊድን ውስጥ ይህንኑ የሚቀበር መሣሪያ በአልዛይመር ታማሚዎች ላይ ሞክረውታል። በ2006 በታተመው ጥናት ከ17 ታማሚዎች 7ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ በዋናው የማስታወስ ፈተና ወይ ተሻሽለዋል ወይ ባሉበት ቆይተዋል። ደስ ይላል፤ ነገር ግን መሣሪያው ያልተደረገላቸው ማነጻጸሪያ ሰዎች አልነበሩም። በጆሮ በኩል የሚደረገው ደግሞ ገና በትናንሽ ጥናቶች ላይ ነው።

ከዚህ የተሻለ ውጤት ያየሁት በማግኔት ነው። ሮም ከተማ የሚገኘው የሳንታ ሉቺያ ተቋም ተመራማሪዎች መለስተኛና መካከለኛ አልዛይመር ያለባቸውን 50 ሰዎች በሁለት ከፈሉ። ለግማሾቹ በጭንቅላት የላይኛው የኋላ ክፍል ላይ የማግኔት ምት ሰጡ፤ ለቀሪዎቹ ድምፁ እየተሰማ ምንም የማይሠራ ማስመሰያ። ለሁለት ሳምንት በተከታታይ፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በድምሩ 24 ሳምንት። በ2022 በታተመው ውጤት ማስመሰያ የተሰጣቸው እየወረዱ ሲሄዱ እውነተኛውን ያገኙት ባሉበት ጸንተው ቆይተዋል። ልብ ይበሉ፦ ቆዩ እንጂ ዳኑ አልተባለም። ይህም የሆነው በሆስፒታል ውስጥ፣ ትልቅ ማሽን ባለበት፣ ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ ነው። በሻንጣ ተጠቅልሎ የመጣ ቁንጥጫ ሌላ ነገር ነው።

የማውቃቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አሉ። መታጠቢያ ቤት ተንሸራተው ጭንቅላታቸውን ተመቱ። ስላልደሙ «ምንም አልሆንኩም» ብለው ተነሡ። ሳምንታት ሲያልፉ ስም ይጠፋቸው፣ ቀን ቀን ያንቀላፉ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ጋቢዬ የት አለ ይሉ ጀመር። አሜሪካ ያሉት ልጆቻቸው በስልክ አይተዋቸው አለቀሱ፤ አልቅሰውም አልቀሩ መሣሪያ ላኩ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ጠዋትና ማታ ግራ ጆሯቸውን በእርጥብ ጥጥ ትጠርግና ትቆነጥጥላቸዋለች። እርሳቸውም «ይነዝረኛል» እያሉ ይስቃሉ። ቤተሰቡ እየተሻላቸው ነው አለ። ሊጠይቃቸው የመጣ ነርስ የእህታቸው ልጅ ግን ሌላ ነገር አየ። «አባባ፣ እስቲ ተነሥተው ወደ በሩ ይራመዱልኝ» አላቸው። ቀኝ እግራቸው ምንጣፉን ይጠርጋል። በማግስቱ ሲቲ ስካን ተነሡ፤ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ደም ተጠራቅሟል። ሐኪሞቹ በትንሽ ቀዳዳ አፈሰሱት። መምህሩ ዛሬ ጋዜጣ አንብበው ይከራከራሉ። መሣሪያው ራሱ የጎዳቸው ነገር የለም፤ የወሰደባቸው ጊዜ ነው፤ ጊዜው ትንሽ ገፋ ቢል ኖሮ ግን ሕይወታቸውን ይወስድ ነበር።

የመርሳት ምልክት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ ሲቀንስ፣ ድባቴ ሲበረታ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ሲበዛ ሰው ይረሳል። ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስም እንዲሁ። ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ፣ ጾም የሚያበዙ አዛውንቶችና ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ ሰዎች ሊመረመሩ ይገባል። ጾሙን ይተዉ እያልኩ አይደለም፤ ደማቸው ይታይ ነው የምለው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልናገር። ለተዝካር በሬ የሚጥል ቤተሰብ ለመነጽር ሲሆን ይሰስታል። አባት በሕይወት እያሉ ለምርመራ «ገንዘብ የለም» ይባላል፤ ሲሞቱ ግን ድንኳኑ ሁለት ይሆናል። ውጭ ያለነውም ከሳምንት ሳምንት ሳንደውል ከርመን ዕቃ በመላክ ሕሊናችንን እናስተኛለን። ሻጮቹ ይህን ድካማችንን አውቀውታል።

አሁን የእኔን መድኃኒት ስሙኝ። ጆሮ ላይ ኤሌክትሪክ ከመሰካትዎ በፊት ጆሮው እንደሚሰማ ያረጋግጡ። በ2024 የላንሴት ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡና ሊታረሙ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነርሱን በመከላከል ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን ማስቀረት ወይም ማዘግየት ይቻል ይሆናል ብሏል። የመስማት ችግር ከዋና ዋናዎቹ አንዱ ነው። በ2023 በታተመውና በአሜሪካ 977 አዛውንቶች በተሳተፉበት ጥናት ደግሞ የመስሚያ መሣሪያ በሁሉም ላይ ለውጥ ባያሳይም፣ ለአደጋው ይበልጥ በተጋለጡት ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ የአእምሮን መድከም በ48 በመቶ ያህል አዘግይቷል።

መጀመሪያ ኩኩን ያስወግዱ። ስንት እናት «ረሳች» የተባለችው ያልሰማችውን ነገር ነው! የደረቀ ኩክ ጆሮን እንደ ቡሽ ይደፍነዋል። ጆሮው የማያምና ፈሳሽ የማይወጣው ከሆነ ጥቂት ጠብታ የወይራ ዘይት ማታ ማታ ለተወሰኑ ቀናት ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ያጥቡታል። በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ጌጥ፣ በቁልፍ ጫፍ መቆርቆር የጆሮ ታምቡር መብሳት ነው። ከታጠበም በኋላ ካልሰሙ የጆሮ ሐኪም ይለካቸው። የመስሚያ መሣሪያ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለጆሮ ቁንጥጫው ሊያወጡ ያሰቡትን ወደዚህ ያዙሩት። መሣሪያውን መጀመሪያ ሲያደርጉ ሁሉ ነገር ይጮህባቸዋል፤ የሲኒው ቅጭልጭልታ እንኳ። በቀን ጥቂት ጥቂት ሰዓት እያደረጉ ይልመዱት እንጂ መሳቢያ ውስጥ አይጣል። ሲያነጋግሯቸው ፊትዎ ብርሃን ላይ ይሁን፤ አይጩኹ፤ ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። በቡና ሰዓት ወሬው ውስጥ ያስገቧቸው፤ የሰፈሩን ጉዳይ ይጠይቋቸው፤ ይፍረዱ።

ጆሮው ብቻ አይደለም፤ የደም ግፊታቸውንና ስኳራቸውን ይቆጣጠሩላቸው፤ ይራመዱ፤ ዓይናቸውን የጋረደ ሞራ ይገፈፍ።

የጆሮ ቁንጥጫውን የግድ እሞክራለሁ ካሉ ጥቂት ማስጠንቀቂያ ልስጥዎ። የልብ ምት ማስተካከያ የተቀበረለት፣ የልቡ ምት ዝግ ያለ ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይንካው። ለወገብ ሕመም የሚለጠፈውን የኤሌክትሪክ ማሳጅ በአንገት ፊት ወይም በጭንቅላት ላይ ፈጽሞ አይለጥፉ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ሊያዛባ ይችላል። ሐኪም ያዘዘውንም መድኃኒት በቁንጥጫው ተማምነው አያቋርጡ። ዕቃውን ገዝተውት ከሆነ ከነመመሪያ ወረቀቱ ይዘውት ወደ ነርቭ ሐኪም ይሂዱ፤ እናትዎንም ይዘው።