ሽሮፑ ነው ወይስ ትኩሳቱ?



ሕፃን ሲያተኩሰው እናት ቶሎ የምታነሣው የፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከ31 አገሮች ከ200,000 በላይ ልጆችን ያካተተ ጥናት፣ በመጀመሪያው ዓመታቸው ሽሮፑን በወሰዱት ዘንድ አስም በርከት ብሎ መታየቱን ገለጸ። ቡታጅራ ውስጥ 1,000 ያህል ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ የተከታተለው ጥናትም በ2011 ተቀራራቢ ውጤት አወጣ።

ታዲያ ጥፋተኛው ሽሮፑ ነዋ! እንበል? ቆይ! ሽሮፑ የተሰጠው ለትኩሳት ነው። ትኩሳቱን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የመተንፈሻ አካል ሕመም ደግሞ ራሱ ከአስም ጋር ይዛመዳል። በ2016 ቀላል አስም ባለባቸው 300 ሕፃናት ላይ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን በዕጣ ተመድበው ሲነጻጸሩ፣ አስም በማባባስ ረገድ ልዩነት አልታየም።

ለወላጅ ስንመክር፦ ሲያስፈልግ ብቻ፣ እንደ ክብደቱ ተለክቶ ይሰጥ። ፈርተው በምትኩ አስፕሪን እንዳይሰጡ!

መወያያ፦ ጃንጥላ የበዛ ቀን ዝናብ አለ። ዝናቡን ያመጣው ጃንጥላው ነውን?