1780 የሚለው ጠገራ ብር

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት ጠገራ ብር 1780 ይላል። «ከ240 ዓመት በላይ ስለሆነው በውጭ አገር ጨረታ ብዙ ያወጣል» አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ዓመቱ አያታልልዎ። ምስሏ በሳንቲሙ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሯ ግን ዓመቱ ሳይለወጥ በቪየና፣ በለንደን፣ በቦምቤይ ሳይቀር ሲታተም ኖሯል። ሮምም በ1935 እ.ኤ.አ.፣ ሙሶሊኒ አገራችንን በወረረበት ዓመት ማተም ጀመረች። (ገበሬያችን የወረቀት ገንዘብ እንደማያምን ሙሶሊኒ ያውቅ ነበርና!) ስለዚህ አብዛኛው ጠገራ የሚሸጠው እንደ ብር ማዕድን ተመዝኖ ነው፦ ከ28 ግራም ክብደቱ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ያህል ነው።

የጥንቱን ከኋለኛው የሚለየው የንግሥቲቱ የትከሻ ጌጥና የንስሩ ጅራት ላባ አቀራረጽ ነው፤ ይህን ለባለሙያ ይተዉት። ጠርዙን ግን ራስዎ ይመልከቱ። ዙሪያውን የላቲን ፊደል ከሌለበት ይጠርጥሩት፤ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ለአንገት ጌጥ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደበትን ሰብሳቢዎች ዋጋውን ይቀንሱበታል። በሎሚም በአመድም አይፈትጉት፤ የተወለወለ ሳንቲም ጨረታ ላይ አይወደድም።

ከአገር ለማውጣት ካሰቡ ደግሞ አስቀድመው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቁ።