ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲወርድ

አንባቢ ሆይ! ሰማይ ደመና አጥቶ፥ ምድር በሐሩር ተሰንጥቃ ሳለ ድንገት ነጐድጓድ ቢሰማ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እህል በጐተራው ያከማቸ ነጋዴ ግን በዚያች ሰዓት ልቡን ይመርምር፤ ዋጋው ሊወድቅበት ነውና።

አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረዲየላሁ ዐንሁ) እንዳስተላለፉት፥ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በመዲና በጁምዓ ቀን ኹጥባ ሲያደርጉ አንድ ሰው ገብቶ፥ ከብቱ እንዳለቀ መንገዱም እንደ ተቋረጠ ነግሮ ዱዓ እንዲያደርጉ ለመናቸው። የመንገዱን ነገር ነጋዴ የኾነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግመል የሚግጠው ካጣ ጭነት አይንቀሳቀስም። ረሱል እጃቸውን አንሥተው አላህን ለመኑ። በሰማይ ቅንጣት ደመና አልነበረም። ወዲያው ከሰልዕ ተራራ በስተጀርባ ጋሻ የምታክል ደመና ወጣች፤ ከሰማዩ መካከል ስትደርስም ተስፋፋች። ጣራው የተምር ዝንጣፊ ነበርና ረሱል ከሚንበር ሳይወርዱ ውሃው በጢማቸው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ አልታየችም። በሚቀጥለው ጁምዓ ደግሞ ሰው ገብቶ ያንኑ አቤቱታ አሰማ፤ ከብቱ አለቀ፥ መንገዱ ተቋረጠ፤ አሁን ግን በውሃ ብዛት ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ ረሱል ዝናቡ ፈጽሞ ይቁም ብለው አልለመኑም። ከከተማው ላይ ተነሥቶ ወደ ዙሪያው፥ ወደ ኮረብታው፥ ወደ ሸለቆውና ዛፍ ወደሚበቅልበት ይዞር ዘንድ ለመኑ እንጂ። አንዱን የጐዳው ለሌላው ሲሳይ ነውና። ቀናህ የተባለው ሸለቆ አንድ ወር ሙሉ ፈሰሰ።

ስለ ጐተራው፥ ሰው ሲቸገር ዋጋው እንዲወደድ እህል መደበቅ ኢሕቲካር ይባላል፤ ይህን የሚያደርግ ኀጢአተኛ መኾኑን ረሱል ተናግረዋል። ለቤተ ሰቡ ቀለብ ያስቀመጠ አይወቀስም። ደመና አይቶ የሚያዝን ነጋዴ ግን፥ ሕዝቡ ለሶላተል ኢስቲስቃእ ሲወጣ ከመካከል ቆሞ አሚን ቢል እንኳ ምላሱና ልቡ ተጣልተዋል።

በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ (639 እ.ኤ.አ.)፥ የዐመድ ዓመት በተባለው ድርቅ፥ ሰይዲና ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ሕዝቡ እስኪጠግብ ቅቤና ሥጋ አንቀምስም ብለው ዘይት ይበሉ ነበር፤ መልካቸውም ጠቆረ። ከሻም እህል አስመጡ። በነቢዩ አጎት በዐባስ ዱዓ አላህ ዝናቡን ባወረደ ጊዜም፥ ከበረሃ ወደ መዲና ተሰደው የነበሩትን ዐረቦች ስንቅና መጫኛ እየሰጡ ወደየአገራቸው ሸኟቸው።