የካርቶን አደይ አበባ አሠራር



ባለፈው ክረምት ባጃጅ ገጭቶኝ ግራ እግሬ በጀሶ ታሰረ። ለእንቁጣጣሽ ጓደኞቼ አደይ ሊለቅሙ ታቦር ተራራ ሲወጡ እኔ አልጋ ላይ ቀረሁ። ወንዶች አበባ ሥለን ጎረቤት እናዞር የለ? እኔ መዞር ስላልቻልኩ ከፓስታ ካርቶን ለራሴ ሠራሁ።

አሠራሩ ይኸው። 8 ቅጠል ትቆርጣላችሁ። ካርቶን ውስጡ መስመር መስመር ስላለው መስመሩ በቅጠሉ ቁመት ይሂድ። እኔ አንዱን አግድም ቆርጬው ስለምጠው መሀሉ ላይ ተሰበረ (እግሬን አስታወሰኝ!)። ላዩን በእርጥብ ጨርቅ አርሳችሁ ብትልጡት ሸንተረሩ ይወጣል፣ ያምራል። ኮላ ከሌላችሁ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጣችሁ እሳት ላይ እስኪወፍር ማማሰል ነው። ለቢጫው እርድ በውሃ ይበቃል፤ ልብስ ከነካ ግን አይለቅም፣ እማዬ ምስክር ናት።

የተሰበረውን ቅጠል አልጣልኩትም። በፋሻ ጠቅልዬ ከ7ቱ ጋር ለጠፍኩት። እማዬ «ይሄን ለምን አትቀይረውም?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ጀሶዬ የተፈታ ቀን የሱንም ፋሻ ፈታሁለት። ትንሽ ጎበጥ ብሏል፤ እኔም ትንሽ አነክሳለሁ። አስፋልት ስሻገር አሁንም የጓደኛዬን እጅ እይዛለሁ። ስለዚህ አንድ ቅጠል ቀለም ሳልቀባው ትቻለሁ።